የላስቲክ ቤቴ በር ዚፕ አልይዝ ብሏል፤ ልጠግነው ወይስ ልቀይረው?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ነው። ከቤቴ ጀርባ ባለችው ጓሮ 2 በ3 ሜትር የሆነች የላስቲክ ቤት አለችኝ። በካርቶን ታሽገው የሚሸጡት ዓይነት ናት። ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ይገጣጠሙና መረብ ያለበት አረንጓዴ ላስቲክ ይለብሱታል። በሯ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ይታሰራል። ግራና ቀኝ ዚፕ አለው።

የቀኙ ዚፕ ጤነኛ ነው። የግራው ግን ከመስከረም ጀምሮ እያናደደኝ ነው። መጎተቻውን ከላይ ወደ ታች ስስበው ጥርሱን እየገጠመ ይወርዳል። ዞር ስል ከኋላው ተተርትሮ አገኘዋለሁ።

ያልሞከርኩት የለም። በልብስ መቆንጠጫ ያዝኩት፤ ነፋሱ መቆንጠጫዎቹን ጎረቤት ጓሮ በተናቸው። በመርፌ ቁልፍ ወጋሁት፤ ላስቲኩ ከተበሳበት እየሰፋ ተቀደደ። በሰፊ ፕላስተር አሸግኩት፤ የጥር ውርጭ ሲመጣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። ባለቤቴ አሮጌ መጋረጃ ስቀይበት ባይ ነው።

አሁን መጋቢት ነው። ቃሪያዬና በሶብላዬ መስኮት ላይ በቅለው ቦታ እየጠበቁ ነው። በሶብላ ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ያኮርፋል። ሽፋኑን ብቻ ልግዛ ብል ዋጋው ከሙሉው ቤት ዋጋ ግማሽ ይበልጣል። ዚፑ ይጠገናል? ካልተጠገነስ በምን ልዝጋው? የምታውቁ ንገሩኝ።

*

መልሱ ከጠበቅኩት በላይ መጣ። በቁጥር በቁጥሩ እየጠራሁ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ፤ አንዳንዱ ማጠር ይገባው ነበር።

መልስ 1። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ «ቃሪያ ወዳድ» የሚባል ወንድም ነው። እህቴ እያለ በትህትና ጀመረና ከመምከሩ በፊት አንድ ነገር እንዳጣራ ጠየቀኝ። ዚፑ የሚከፈተው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው ወይስ ደስ ባለው ቦታ? አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ እዚያ ጋ ጥርስ ተበላሽቷል ማለት ነው። ቦታ ሳይመርጥ ከሆነ ጥፋቱ የመጎተቻው ነው። ሄጄ አየሁት። ቦታ አይመርጥም። ግን ታች፣ ከጉልበት በታች ይብስበታል። ይህን «ግን» ያኔ ቁም ነገር አላልኩትም።

መልስ 2። «ፒንሳ» የሚባል፣ መርካቶ ቦርሳና ጫማ ሲጠግን ኖሮ አሁን ሪያድ ያለ ሰው ነው። ምንም ነገር እንዳልገዛ አስጠነቀቀኝ። እንደ እሱ አባባል ከጥርሱ ቀድሞ የሚያረጀው መጎተቻው ነው። መጎተቻው ሁለት ከንፈር አለው፣ የላይና የታች። ጥርሶቹ በሁለቱ መካከል ተጨምቀው ነው የሚጋጠሙት። ዕለት ተዕለት ሲሳብ ከንፈሮቹ በጥቂቱ ይከፈታሉ፤ ጥርሱ ያልፋል፣ ግን አይጨመቅም። መድኃኒቱ ፒንሳ ነው። ጥርሶቹ ተጋጥመው የሚወጡበትን የመጎተቻውን ጠባብ ጫፍ መጀመሪያ በግራ ጠርዙ፣ ከዚያ በቀኝ ጠርዙ ትንሽ ጫን ማድረግ። መሃሉን አለመንካት። ጫን፣ ሞከር፣ ደግሞ ጫን። አብዛኛው መጎተቻ ከቀለጠ ዚንክ በቅርጽ የተጣለ ስለሆነ አይታጠፍም፤ በኃይል ከጨመቁት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። በሺህ የሚቆጠር ቦርሳ እንዲህ እንዳዳነ በኩራት ጨመረ። ኩራቱ አልከበደኝም።

መልስ 3። ማንችስተር ያለ፣ ስሙን «ጊዜ የለኝም» ያለ ሰው ጊዜ ኖሮት መጣ። ዚፕ ለመጠገን ሁለት ቀን ከማጥፋት አዲስ ገዝቶ መገላገል እንደሚሻል፣ እኛ ሐበሾች የሞተ ዕቃ ቀብረን እንደማንጨርስ ጻፈ።

መልስ 4 ደግሞ ቁጣውን ትቶ ከሐሳቡ ግማሹን ተቀበለ። ሽፋኑ ራሱ ስንት ዓመቱ ነው? ፀሐይ ላስቲክን ትበላለች። የላስቲኩን ጫፍ በጣቶቼ መሃል አጥፌ እንድፈትነው መከረኝ። ቢጫ ሆኖ፣ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ ዚፑን መጠገን ለሬሳ ጫማ መግዛት ነው። ለስለስ ብሎ ከታጠፈ ገና ይኖራል። የእኔ ሁለት ዓመቱ ነው። አጠፍኩት፣ አልተሰነጠቀም።

መልስ 5። ስቶክሆልም ያለች እህት ናት። እሷ ዚፑን ከነጭራሹ ረስታ በቬልክሮ ቀይራዋለች፤ ሲጫኑት ተጣብቆ ሲስቡት የሚላቀቀው ሸካራ ጥብጣብ ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ሙጫ ያለው ቬልክሮ ነበር፤ በመጀመሪያው ብርድ ለቀቀ። ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳችው። እንዲህ ያለው ሽፋን ብዙውን ጊዜ ፖሊኢትሊን ነው፤ ፖሊኢትሊን ደግሞ ሙጫን የማይወድ ላስቲክ ነው። በአልኮል ካልተጠረገ፣ ሞቅ ባለ ቀን ካልተጫነ ሙጫው የያዘ መስሎ ያታልላል። ሁለተኛውን ሰፋችው፤ እሱ ሦስት ክረምት ይዟል። ችግሩ አፈርና ደረቅ ቅጠል መካከሉ ይገባል። በየወሩ በጥርስ ብሩሽ ታጸዳዋለች።

መልስ 6 ቬልክሮ ስለሚለው ቃል ብቻ ተጻፈ። የፈጠረው ጆርጅ ደ ሜስትራል የሚባል የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ሲሆን ሐሳቡ የመጣለት ልብሱና ውሻው ላይ ከተጣበቀ የዱር ፍሬ እንደሆነ፣ ፓተንቱም እ.ኤ.አ. በ1955 እንደተሰጠው ነገረን። እኛ ልጆች ሆነን ጭጎጎት ካልሲያችን ላይ ሲጣበቅ ከመራገም በቀር ምንም አለመፍጠራችን እንደሚቆጨው አከለ። በሩን አልዘጋልኝም፣ ግን ሳቅኩ።

መልስ 7። ፒያሳ ልብስ የምትሰፋ እናት ናቸው። በአክብሮት፣ ግን ቆፍጠን ብለው «ፒንሳን» አረሙት። መጭመቁ ልክ ነው፤ ግን መጀመሪያ የዚፑ ዓይነት መታየት አለበት። ጥርሱ አንድ በአንድ የቆመ ፕላስቲክ ነው ወይስ እንደ ሞላ ሽቦ የተጠቀለለ ናይለን? ናይለኑ ከተዛነፈ ወይም ከጨርቁ ከተላቀቀ ፒንሳ አያድነውም። መጭመቁ እምቢ ካለ ደግሞ ሙሉ ዚፑን መቀየር አያስፈልግም፤ መጎተቻውን ብቻ መቀየር ይቻላል። ጀርባው ላይ ቁጥር አለ። 5፣ 8፣ 10 ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ የተዘጋው ጥርስ ስፋት በሚሊሜትር ሲገመት ነው። ነገር ግን የአንዱ ፋብሪካ 8 ከሌላው 8 ጋር ላይስማማ ይችላል፤ ስለዚህ አሮጌውን ይዞ መሄድ ነው። በተለይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1934 የተመሠረተው የጃፓኑ ዋይ ኬ ኬ ስሙን መጎተቻው ላይ ስለሚያትም በቀላሉ እንደሚለይ ነገሩኝ። አዲሱን ለመክተት የዚፑን የታች ጫፍ ስፌት መፍታት፣ ሁለቱን ወገን እኩል ማስገባት፣ ከዚያ ጫፉን በወፍራም ክር አስሮ መዝጋት። እኩል ካልገባ በሩ ተጣሞ ይዘጋል።

መልስ 8 ላይ «ፒንሳ» እማማን አመሰገነ። ትንሽ እንዳኮረፈ ግን ያስታውቃል። ስለ ናይለኑ እሱም ያውቅ እንደነበር ሁለት ጊዜ ጻፈ።

መልስ 9 ዚፑ እንዲንሸራተት የምግብ ዘይት ልቀባው አለኝ። እማማ በመልስ 10 አንድ መስመር ብቻ መለሱ። ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ አቧራው ደግሞ እንደ አሸዋ ወረቀት ጥርሱን ይፍቃል። ሰም ይሻላል። ሻማ ካልሆነ የእርሳስ ጫፍ። ደረቅ ሳሙናም ይሆናል።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተበላሸው። መልስ 11 የጻፈው ልጅ እናቱ ከአገር ቤት ባመጡለት ጧፍ ዚፑን እንደሚያሽ፣ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ እንደሆነ ተናገረ። መልስ 12 ተቆጣ። ጧፍ ለቤተ ክርስቲያን ነው፣ የቃሪያ ቤት በር አይታሽበትም፣ ስደት እንዲህ ያደርጋል፣ ወዘተ። ልጁም አልተኛም፤ በመልስ 13 ሰሙ የሚመጣው ከንብ እንጂ ከሰማይ እንዳልሆነ መለሰ። ከዚህ በኋላ አራት መልሶች ስለ ጧፍ ብቻ ናቸው። አልተርካቸውም። መጨረሻ ላይ እማማ መጡና ተራ ሻማ ሞልቶ ሳለ መጣላቱ ምን እንደሚሉት ጠየቁ። ሁሉም ዝም አለ።

መልስ 18 ክርክሩን አዞረው። «የላስቲክ ቤት» የሚለው አጠራሬ አስቀያሚ ነው፣ ስደተኛ የሰፈረበት መጠለያ ያስመስላል፤ ለምን «አረንጓዴ ቤት» አይባልም ብሎ። 19 እና 20 ሳቁበት፤ አረንጓዴ ቤት ሲባል አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቤት ነው የሚታያቸው። እኔ አልተከራከርኩም። አገር ቤት አብዛኛው ሰው ግሪን ሃውስ ነው የሚለው። ለአትክልቱ ልዩነት የለውም።

መልስ 21 ላይ ግን ልቆይ። ጥያቄዬን የቀየረው እሱ ነው።

የጻፈው ሆለታ አበባ እርሻ ውስጥ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ነው። የጽጌረዳ ቤት በር እየጠገነ ኖሯል። አንድም ቃል ስለ ዚፕ ሳይናገር ስለ ነፋስ ጀመረ። ላስቲክ ቤት ላይ ነፋስ የሚገባው በአንድ በኩል ከሆነና መውጫ ካጣ፣ ቤቱ እንደ ተገለበጠ ጃንጥላ ይነሳል። ስለዚህ እነሱ ጋ በር የሚባለው ነገር ቀልድ አይደለም። ሁለት በር ነው ያለው፤ የመጀመሪያውን ገብተው ዘግተው ነው ሁለተኛውን የሚከፍቱት። ይህ ለነፋሱም፣ ተከትሎ ለሚገባው ነፍሳትም ነው። ላስቲኩን ሦስት አራት ዓመት ሲሞላው ይቀይሩታል። ለሻጋታ የሚያጨሱት ድኝ ደግሞ ላስቲኩን ቶሎ ያስረጀዋል፤ ሆለታ ደጋ ስለሆነ ፀሐይዋም አትምርም። አንዱን እርሻ ከሌላው እያወዳደረ ብዙ ጻፈ፣ ሰበታና ዝዋይን ሳይቀር። ጣፋጭ ነበር፣ ግን ወደ በሬ መቼ ይመለሳል እያልኩ ነበር ሳነበው።

ተመለሰም። ዚፕ ልብስን ለመዝጋት እንጂ ቤት ደግፎ ለመያዝ እንዳልተሠራ አስረዳኝ። ጥርሱ የሚተረተረው ከታች ከሆነ አንድ ነገር ወደ ጎን እየጎተተው ነው። በመልስ 1 ላይ ከጉልበት በታች ይብሳል ያልኩትን ልብ ያለው እሱ ብቻ ነበር። ሁለት ነገር እንዳደርግ አዘዘኝ። አንደኛ፣ ሁለቱንም ዚፕ ከፍቼ በሩ በራሱ እንዲንጠለጠል መተው፤ ከዚያ የግራው ዚፕ ሁለት ጠርዞች ምን ያህል እንደተራራቁ ማየት። ያለ ጉልበት የማይገናኙ ከሆነ ጭነቱን የተሸከመው ዚፑ ነው። ሁለተኛ፣ የበሩን አራት ማዕዘን በሜትር ከጫፍ ጫፍ በሰያፍ መለካት። ከላይ ግራ እስከ ታች ቀኝ፣ ከላይ ቀኝ እስከ ታች ግራ። ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ ቤቱ ተዛንፏል። የተዛነፈ ቤት ላይ አዲስ ዚፕም፣ ቬልክሮም፣ መጋረጃም አይረባም።

መጨረሻ ላይ ሌላ ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሰብኝ። በሩ ቢዘጋም ማሞቂያ የሌለው ላስቲክ ቤት ሌሊት ከውጭው ቢበልጥ አንድ ሁለት ዲግሪ ነው። በሶብላው እስከ ግንቦት አጋማሽ መስኮቱ ላይ እንዲቆይ መከረኝ። የሊድስ ውርጭ እስከዚያ ሊመለስ ይችላል።

መልስ 22 የኔ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሜትር ይዤ ወጣሁ። ዚፑን ከፍቼ በሩን ተውኩት። ላይ ያሉት ጠርዞች ይነካካሉ። ታች ግን በመካከላቸው አራት ጣት ይገባል። ሰያፎቹን ለካሁ፤ ልዩነታቸው 7 ሴንቲሜትር። የግራው የፊት እግር ጭቃ ውስጥ ሰምጧል። ስድስት ወር ሙሉ ዚፑን ስሰድብ የነበረው በከንቱ ነው። ይህን ሁሉ በግልጽ ጻፍኩ።

ምነው ባልጻፍኩ። መልስ 23 ላይ «ጊዜ የለኝም» ተመለሰ። ከመጀመሪያው ፎቶ ብለጥፍ ኖሮ ሃያ ሰው ባልደከመ፣ መሬት የለቀቀ ቤት ይዤ ስለ ዚፕ መጠየቄ እግሩ የተሰበረ ሰው ጫማዬ ጠበበኝ እንደ ማለት ነው ብሎ ተሳለቀብኝ። ቃሉ ከዚህም ይከፋል፣ ለስለስ አድርጌዋለሁ። ስቶክሆልሟ እህት በመልስ 24 ተነሳችበት። የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም፤ እሱ ራሱ በመልስ 3 የመከረው አዲስ እንድገዛ ነበር፣ ብገዛ ኖሮ አዲሱም እዚያው ጭቃ ላይ ተዛንፎ በዓመቱ ይተረተር ነበር። አፉን አስያዘችው ብዬ ነበር። አልያዘም።

መልስ 25። ደቡብ ለንደን ያለ ሰው ስለ ነፋሱ የተባለውን አንስቶ ታሪኩን ነገረን። እ.ኤ.አ. የካቲት 2022 ዩኒስ የሚባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ የእሱ ላስቲክ ቤት በር የታሰረው በሲባጎ ብቻ ነበር። ያን ቀን፣ የካቲት 18፣ ዋይት ደሴት ጫፍ ላይ በሰዓት 122 ማይል የሚሮጥ ነፋስ ተለክቷል። ወደ 196 ኪሎ ሜትር ነው፤ በእንግሊዝ ምድር ከተመዘገበው ሁሉ የበለጠ። እሱ ሰፈር ያን ያህል አልደረሰም፣ ግን የደረሰው በቅቶታል። ሲባጎው ላላ፣ በሩ ተነፋ፣ ቤቱ ከነቱቦው ተነሥቶ የጎረቤቱ መኪና ላይ አረፈ። ጎረቤቱ እስከ ዛሬ ሰላም አይለውም።

መልስ 26 ነፋስ ሲመጣ በሩን ከፍቶ ማሳለፍ ይሻላል ባይ ነው። መልስ 27 ይህ ነፍሰ ገዳይ ምክር ነው ብሎ ጮኸ። እዚህ ለትንሽ ጊዜ ተሰዳደቡ። የሆለታው ሰው መጥቶ ዳኛቸው። በአንድ በኩል ብቻ በር ያለው ቤት ሲከፈት ከረጢት ነው፤ ተዘግቶ፣ እግሩ በካስማ ተቸንክሮ ማደር አለበት። በሁለት በኩል በር ያለውንም ቢሆን በዐውሎ ቀን መክፈትን እሱ አይሞክረውም። መልስ 26 አላመነም። እኔ አምኛለሁ።

ከዚያ አንዷ ጤናዳም እዚያው ውስጥ ይበቅል እንደሆነ ጠየቀች፤ ነገሩ ሁሉ ወደ ጤናዳም ሄደ። ዘር በፖስታ ልላክልሽ፣ እኔም ላኪልኝ ተባለ። መልስ 31 ያለ ዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ዘርም ችግኝም ከአገር አገር መላክ ጣጣ እንደሚያመጣ አሳሰበ። ሌላዋ ደግሞ ጤናዳም በፀሐይ ስትቆርጥ እጇ ላይ ፊኝት እንደወጣባት ተናገረች። ይህ እውነት ነው፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ጓንት አድርጉ። 

መልስ 34 የኔው ነው፣ ውጤቱን ላሳውቅ። ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር የግራውን እግር ከጭቃው አወጣነው። ከሥሩ የእግረኛ መንገድ የሚነጠፍበትን ዓይነት ሲሚንቶ ንጣፍ አስገባን። ሰያፎቹን ደግመን ለካን፤ ልዩነቱ ከ1 ሴንቲሜትር በታች ሆነ። በሩን ስለቀው የዚፑ ጠርዞች ከላይ እስከ ታች ሳልጎትታቸው ተነካኩ። ከዚያ ፒንሳውን አነሳሁ። ግራ ትንሽ፣ ቀኝ ትንሽ። ሦስተኛው ላይ ያዘ። ሻማ አሸሁት፤ ተራ ሻማ ነው፣ መልስ 12 እንዳይጨነቅ። የሦስት ቀን ነፋስ አልፎበታል፣ አልተተረተረም። «ፒንሳ» የትኛውን ጫፍ እንደጨመቅኩ፣ ስንት ጊዜ እንደጫንኩ በዝርዝር ጠየቀኝ፤ መለስኩለት፤ ደስ አለው። እማማ መረቁኝ። መጋረጃው ወደ ቁም ሣጥኑ ተመለሰ።

«ቃሪያ ወዳድ» ፎቶ እንድለጥፍ ለመነኝ። ለጠፍኩ። በሩ ቀጥ ብሎ፣ ሁለቱም ዚፕ ተዘግቶ፣ እኔ ጎኑ ቆሜ። እንኳን ደስ አለሽ የሚል ጎረፈልኝ።

መልስ 41 «ጊዜ የለኝም» ነው። ስለ በሩ አንድም ነገር አላለም። ከፎቶው የግራ ጥግ ላይ፣ ከጎን ያለው የመጋዘኑ አሸንዳ የተሰነጠቀ መሆኑን፣ ውኃውም ቀጥ ብሎ የሚንጠባጠበው አሁን ባስገባነው ንጣፍ ሥር መሆኑን አመለከተ።

ወጥቼ አየሁት። ይንጠባጠባል።